አባ ጎርጎርዮስና የመጠየቅ ጥበብ

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላሉ አበው። ይሁን እንጂ ሊቅነት በጠያቂው ትጋት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ጥያቄውን በትዕግሥት የሚቀበል፣ የተሳሳተውን ሳያዋርድ የሚያቀና፣ በማይስማማበትም ነገር አለመስማማቱን በአክብሮት የሚገልጥ መምህር ሊኖር ያስፈልጋል። ታሪክ ጠያቂውን ሲያመሰግን መላሹን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ጥያቄን በመመለስ ጥበባቸው ስማቸው በውጭ አገር መጻሕፍት ተጽፎ ከቀረላቸው ጥቂት ኢትዮጵያውያን መካከል አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እርሳቸው ጦር አልመሩም፤ ደብር አልቀደሱም፤ በስማቸውም የታተመ መጽሐፍ አልተዉም። የተዉት ነገር ቢኖር አንድ ደቀ መዝሙር ነው። ስለዚህ ሕይወታቸው ከማንም ይልቅ ለመምህራን የቀረበ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ፣ በአማራ አገር በመካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው ክፍል የነበረች የነገሥታት ደብር ናት። ሕንጻዋን ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል እንደ ፈጸሙት፣ በ1531ም በግራኝ አሕመድ ጦር እንደ ተቃጠለች በታሪክ ይገኛል። ጎርጎርዮስ ሲወለዱ ከቃጠሎው ወዲህ ስድሳ ያህል ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ ያደጉት የጥንቱ ክብር በወሬ ብቻ በሚነገርበት አገር፣ ሃይማኖትና ሰይፍ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አረጋውያን ገና በሚያስታውሱበት ዘመን ነበር።

የዚያ ዘመን ሰው ካህን ለመሆን የሚያልፍበት መንገድ የታወቀ ነው። ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውንም በየደረጃው ይማራል። ይህን ትምህርት ከውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው ሁሉም ነገር በቃል ተይዞ የሚደገምበት፣ ጥያቄም የማይገባበት መስሎ ይታየዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የተቀኘውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ጓደኞቹም ቤቱ እንዳልመታ፣ ምሥጢሩም እንዳልተስማማ ፊት ለፊት ይነግሩታል። የትርጓሜም መምህር አንዱን ቃል ከፈታ በኋላ አንድም ብሎ ሌላውን ፍች ይጨምራል፤ ደግሞም አንድም ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ከፊተኞቹ ሊቃውንት የሚለያየውን አሳብ አያጠፋውም፤ ከሌላው አጠገብ ያኖረዋል እንጂ። ጎርጎርዮስ የግዕዝን ቋንቋ የተማሩት በዚህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ነው። ወደ ፊት በባዕድ አገር በባዕድ ሰው ሲጠየቁ ያልደነገጡት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጎልማሳ በነበሩበት ጊዜ በኢትዮጵያ ታላቅ የሃይማኖት ክርክር ተነሣ። ዬዝዊት ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ አገሩ ገባ። ይህ ሰው አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ በነገሥታቱ ፊት ከሊቃውንቱ ጋር እየተከራከረ፣ በትሕትናውና በትዕግሥቱ ብዙ ወዳጅ አገኘ። ዐፄ ሱስንዮስም በመጨረሻ እምነቱን ተቀበሉ። ፓኤዝ በ1622 ሞተ፤ በ1625ም ፓትርያርክ ተብሎ የተሾመው አፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ከዚህ በኋላ የሥራው መንገድ ተለወጠ። ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና እንዲካኑ፣ ግዝረቱና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀሩ ታዘዘ። ፓኤዝ የጠየቀውንና ያስረዳውን ሜንዴዝ አዘዘው ማለት ነው። ትእዛዙም የወለደው ዐመፅን ነው። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው አንድ ጦርነት ብቻ 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። የሞቱት የንጉሡ የራሳቸው ሕዝብ ነበሩና ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው፣ መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ተዉ፤ ጥቂት ወራትም ቈይተው ዐረፉ። ዐፄ ፋሲለደስም ዬዝዊቶችን ከአገር አስወጡ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ሁከት መካከል ከፓትርያርኩ ወገን ጋር ተቀራርበው የቈዩ ሰው ነበሩ። ነገሩ ሲገለበጥ ለእርሳቸውም በአገር መቀመጥ የማይቻል ሆነ፤ ተሰደዱም። ይህን የሕይወታቸውን ክፍል ሳያስቡ የኋላውን መረዳት አይቻልም። አለመስማማት በክርክር ጉባኤ ሲቀር ምን እንደሚመስል፣ ወደ ዐዋጅና ወደ ጦርነት ሲሸጋገር ደግሞ ምን እንደሚሆን፣ ሁለቱንም በዐይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ስደተኛ ደግሞ ለሁለት ነገር የተጋለጠ ነው። ወይ የተወውን አገር ያማርራል፤ ወይ ያስጠጋውን ሰው ለማስደሰት የሚወደውን ብቻ ይነግረዋል። አባ ጎርጎርዮስ ከሁለቱም ራሳቸውን መጠበቅ ነበረባቸው።

ስደታቸው ወደ ሮማ አደረሳቸው። በዚያ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ቤቱ ለትምህርት አዲስ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548ና በ1549 ያሳተሙት በዚሁ ገዳም እየኖሩ ነው። ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ስለ ሃይማኖታቸው መጠየቃቸውም አዲስ ነገር አልነበረም። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ወደ ፖርቱጋል ሄደው፣ በዚያ ያሉት ሊቃውንት እንደ መናፍቅ ቢቈጥሩአቸውና ከቍርባን ቢከለክሉአቸው የአገራቸውን እምነት በጽሑፍ አስረዱ። ጽሑፋቸውንም የፖርቱጋሉ ሊቅ ዳሚያኦ ዴ ጎይስ በ1540 በላቲን አሳተመው። ነገር ግን ጸጋ ዘአብ የተጠየቁት አስቀድመው በፈረዱባቸው ሰዎች ፊት ነበረ። ለአባ ጎርጎርዮስ የተዘጋጀው ጠያቂ ከዚህ የተለየ ሆነ።

ጠያቂው ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቋንቋ ለመማር የሚጓጓ ሰው ነበረ። በዚያ ጊዜ ግዕዝን የሚያውቅ መምህር በአገሩ ስላልነበረ፣ በሮማና በሌላም ስፍራ ከታተሙት ጥቂት መጻሕፍት እየለቀመ ብቻውን አጠና። በ1649፣ በፓሪስ የነበረው የስዊድን አምባሳደር ጽሑፎች ፈልግ ብሎ ወደ ሮማ ላከው። የ25 ዓመቱ ወጣት በሮማ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውን እንደ ሰማ ወደ ገዳሙ ገሠገሠ፤ አባ ጎርጎርዮስንም ከሦስት ሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር አገኛቸው።

ሁለቱ በደንብ የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውምና በመጀመሪያ በአስተርጓሚ ተነጋገሩ። ሉዶልፍ ግዕዙን ሲያነብ ኢትዮጵያውያኑ አስቀድመው ተደነቁ፤ ከዚያም በአነባበቡ ሳቁ። ሁለቱም ተገቢ ነበረ። ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ ፈረንጅ የግዕዝ መጽሐፍ ማንበቡ የሚያስደንቅ ነው፤ ከወረቀት ብቻ የተማረ ሰው ቀን ከከ፣ ጠን ከተ፣ ጸን ከሰ ለይቶ ሊያሰማ አለመቻሉም ግልጽ ነው፤ ፊደሉ ድምፁን አይናገርምና። በዚህ ጊዜ ሉዶልፍ ሊያፍርና ሊሸሽ ይችል ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስም በሳቃቸው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ሉዶልፍ ግን ተማሪ ሆኖ ተቀመጠ፤ አባ ጎርጎርዮስም መምህር ሆኑ። ያለ ቍጣ የተሰማ እርማትና ያለ ንቀት የተሰጠ እርማት በአንድ ስፍራ ሲገናኙ የሚያፈሩትን ፍሬ የኋላው ሥራቸው መስክሮአል።

ቀስ በቀስ መነጋገሪያቸው ግዕዝ ሆነ። ይህ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ግዕዝ ለሁለቱም የእናት ቋንቋ አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ በአማርኛ ያደጉ ናቸው፤ ሉዶልፍም በጀርመንኛ። ስለዚህ ሁለቱ የተገናኙት ሁለቱም በትምህርት ባገኙት ቋንቋ ነው። ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ግንኙነቱ በደብዳቤ ቀጠለ። ጥያቄ ከጀርመን ይሄዳል፤ መልስ ከሮማ ይመጣል። ከደብዳቤዎቹ በርካቶቹ ተጠብቀው ቈይተው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ታትመዋል።

በ1652 የዛክሰን ጎታው መስፍን ኤርነስት፣ በመንፈሳዊነታቸው የተመሰገኑት፣ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛታቸው ጠሩ። እኚህ መስፍን ለመምህራን ሊታወቁ የሚገባቸው ሰው ናቸው። በግዛታቸው ያሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያዘዙ፣ በ1642ም ለመምህራን የማስተማሪያ ዘዴ የሚያሳይ ደንብ ያሳተሙ ናቸው። አገራቸውም ከትልቅ ጥፋት የወጣ ነበረ። በሃይማኖት ምክንያት ተጀምሮ ከ1618 እስከ 1648 የቈየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ጀርመንን ባድማ አድርጎአት ነበር። መስፍኑ በዚህ ጦርነት መካከል መሥራት የጀመሩትን ቤተ መንግሥት ፍሪደንስታይን አሉት፤ ትርጓሜውም የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። አባ ጎርጎርዮስ በደረሱ ጊዜ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። በሃይማኖት ጦርነት ከተቃጠለ አገር የተሰደዱት ካህን፣ በሃይማኖት ጦርነት ከተቃጠለ አገር መስፍን ጋር በዚህ ቤት ተቀምጠው ተነጋገሩ።

ለጥቂት ወራት በቈዩበት ጊዜ መስፍኑና አማካሪዎቻቸው እየጠየቁ፣ ሉዶልፍ እያስተረጐመ፣ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥትና ሕግ፣ ስለ ምድርዋና ስለ እንስሳትዋ፣ ስለ ሕዝብዋ ልማድ፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ቤተ ክርስቲያንዋ እምነት ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ የሉተር እምነት ተከታዮች ነበሩ። እርሳቸው ደግሞ ከተዋሕዶ አገር የወጡ፣ ከካቶሊኮች ጋር የኖሩ ካህን ናቸው። በአንድ ገበታ ላይ ሦስት ዓይነት ትምህርት ተገናኘ ማለት ነው። ለእንግዳው የሚቀልለው መንገድ ጠያቂዎቹ ሊሰሙት የሚፈልጉትን መናገር ነበረ። መኖሪያውም ምግቡም ከእነርሱ ነው፤ የሚቃወመው ያገሩም ሰው በዚያ የለም። አባ ጎርጎርዮስ ግን የተሰደዱባትን አገር ቤተ ክርስቲያን እምነት እንዳለ አስረዱ። ከወገናቸው ጋር ባይስማሙ እንኳ ወገናቸውን በባዕድ ፊት አላቃለሉም።

ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ግዝረት ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ኢትዮጵያውያን ስለሚገዘሩና ቅዳሜን ስለሚያከብሩ የአይሁድን ሕግ ይከተላሉ ብለው ይነቅፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግዝረቱ ለድኅነት የሚደረግ ሥርዓት ሳይሆን ያገር ልማድ መሆኑን፣ ሌሎች ሕዝቦችም ፊታቸውን እንደሚበጡ ያለ ነገር መሆኑን አስረዱ። ይህ መልስ ከእርሳቸው የተፈጠረ አልነበረም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረትን በዚሁ ዓይነት፣ የሰንበትንም አከባበር ከአይሁድ የተለየ መሆኑን ገልጠው ነበር። ሉዶልፍም ኋላ ይህን መግለጫ አግኝቶ አሳተመው። መምህሩ በቃል የተናገሩትን ደቀ መዝሙሩ በጽሑፍ ማስረጃ አገኘው። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን መጠርጠር ሳይሆን፣ የሰማውን ማጣራት ግዴታው መሆኑን ያውቅ ነበርና።

ከዚህ የጠለቀው ጥያቄ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነበረ። በ451 በኬልቄዶን ከተደረገው ጉባኤ ጀምሮ የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ነገር ተለያይተው ኖረዋል፤ የምዕራብ ሊቃውንትም ኢትዮጵያውያንን የአውጣኪ ተከታዮች ይሉአቸው ነበር። ኢትዮጵያውያን ግን አውጣኪን ያወግዙታል፤ መለኮትና ትስብእት ተቀላቅለው ወይም ተለውጠው አንድ ሆኑ አይሉም። ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ካደረገው ምርምር የተነሣ፣ ከክርክሩ ብዙው ክፍል የመጣው ባሕርይና አካል የሚባሉትን ቃላት ሁለቱ ወገኖች በተለያየ አፈታት ስለሚፈቱአቸው ነው ወደሚል አሳብ ደረሰ። ልዩነቱ ሁሉ የቃል ብቻ ነው ማለት ለብዙዎች የሚስማማ አይሆንም፤ ሉዶልፍም የሉተር ተከታይ እንደ ሆነ ቀረ። ነገር ግን የማያምንበትን እምነት ጠላት በሰጠው ስም ሳይሆን ባለቤቱ በሚገልጠው ቃል ጻፈው። ይህ በዚያ ዘመን ብርቅ ነገር ነበር፤ በዛሬውም ዘመን ገና የተለመደ አልሆነም።

የመልሶቹ ጥቅም በሃይማኖት ነገር ብቻ አልተወሰነም። አውሮፓ በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የምታውቀው አብዛኛው ተረት ነበረ። ቄሱ ዮሐንስ ስለሚባል ገናና ንጉሥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወራ ኖሮአል። ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል የስፔን መነኵሴም በ1610 በቫሌንሲያ ባሳተመው መጽሐፍ ያልነበሩ ቤተ መጻሕፍትና ያልታዩ ሀብቶችን እንደ ነበሩ አድርጎ ጽፎ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ ታሪኩን የጻፈው ይህን መጽሐፍ ለማረም ነው፤ ሉዶልፍም በዚሁ መንገድ ሄደ። ኡሬታ አገሩን ከፍ ከፍ አድርጎ ስለ ጻፈ አንድ ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ተረቱን ቢያጸድቅለት ባላስገረመ ነበር። የውሸት ምስጋና ግን ለአገር አይጠቅምም። አባ ጎርጎርዮስ ለደቀ መዝሙራቸው የሰጡት እርሳቸው የሚያውቁትን አገር ነው፤ የነገሥታቱን ክብር ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን ኑሮ፣ የወሩን ስም፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ የእናት ቋንቋቸውን የአማርኛን ቃላትና አገባብ ጭምር።

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ከተመለሱ በኋላ ደብዳቤ መጻጻፉ አልተቋረጠም። በመጨረሻም ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። በ1658 በሜዲቴራኒያን ባሕር በእስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ፤ ዕድሜአቸውም ከስድሳ ያለፈ ነበር። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም። የተቀበሩበት ደብር፣ የሚታወሱበትም የተዝካር ቀን የለም። መታሰቢያቸው በደቀ መዝሙራቸው ሥራ ውስጥ ቀረ።

ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 በለንደን አሳተመ። ኅትመቱን እንዲቈጣጠር የተላከው ተማሪው ቫንስሌብ ሥራውን እንደሚገባ ባለመፈጸሙ መጽሐፉ ብዙ ስሕተት ይዞ ወጣ። ሉዶልፍ ስሕተቱን አልሸፈነም፤ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስውን በ1702 አርሞና አስፍቶ እንደ ገና አወጣ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከሰባ አልፎ ነበር። የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 በፍራንክፈርት አሳተመ፤ መጽሐፉም በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጣ። በ1691 የታሪኩን ሰፊ ማብራሪያ አወጣ፤ በዚሁም ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አኖረ። በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በኅትመት የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው። መምህሩ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኖአቸው ነበር። ሉዶልፍ በ1704 ሞተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ብዕሩ የነበረው በጠያቂው እጅ ነው። መጽሐፎቹ የወጡት በሉዶልፍ ስም ነው፤ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት እየተባለ የሚጠራውም እርሱ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ምን እንደ ጠየቁ፣ ስለ አውሮፓ ምን እንደ ታዘቡ፣ የጠያቂዎቹን እምነት እንዴት እንደ መረመሩ የተጻፈው ከተጠየቁት ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ጥያቄ በአንድ ወገን ብቻ ሲጻፍ መላሹ ምስክር ሆኖ ይቀራል፤ ሊቅነቱ ይሸፈናል። ነገር ግን ለሉዶልፍም ሊመሰከርለት የሚገባ አለ። ከማን እንደ ተማረ አልሰወረም። በታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ በየስፍራው ይህን ያለኝ ጎርጎርዮስ ነው እያለ ይመሰክራል። በሰው ዕውቀት ተጠቅሞ የሰውን ስም መተው ለቀለለው ዘመን፣ ይህ ታማኝነት ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ምንድን ነው? አንደኛው፣ እርማት ክብርን እንደማይነካ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተማሪያቸውን አነባበብ ባያቀኑለት ኖሮ ሉዶልፍ ስሕተቱን ለአውሮፓ ሁሉ ባስተማረ ነበር። ተማሪውን ላለማሳዘን ሲባል የሚታለፍ ስሕተት ለተማሪው ተማሪዎች ይተላለፋል። ሁለተኛው፣ የማይስማሙበትን አሳብ በባለቤቱ ቃል መግለጥ ነው። በክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ሲከራከሩ፣ እያንዳንዱ ከመመለሱ በፊት የጓደኛውን አሳብ ጓደኛው በሚቀበለው አነጋገር እንዲናገር የሚያደርግ መምህር፣ በጎታ ቤተ መንግሥት የተደረገውን በትንሽ ክፍል ውስጥ ይደግመዋል። ሦስተኛው፣ በክርክር ያልተሸነፈ ሰው በትእዛዝ እንደማይረታ ነው። ፓኤዝ በ19 ዓመት ትዕግሥት የሠራውን የሜንዴዝ ትእዛዝ በሰባት ዓመት አፈረሰው።

ይህ ትምህርት ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለአንድ ሕዝብ ብቻ የሚሆን አይደለም። በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ያለችውን ሞያሌን መመልከት ይበቃል። ከተማዋ አንድ ስትሆን ወሰኑ ከሁለት ከፍሎአታል። በኬንያው ወገን ማንያታ በሚባለው ሠፈርና በአካባቢው የቦረና፣ የቡርጂ፣ የገብራ፣ የጋሪና የሌሎችም ልጆች ይኖራሉ። ልጁ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ቡርጂኛ ይናገራል፤ በገበያ አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይማራል። ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ የአባቶቹን ሥርዓት የያዘውም በአንድ መንደር ይገናኛሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ መምህር ሉዶልፍም ጎርጎርዮስም መሆን አለበት። የልጁን ቋንቋ ባለማወቁ ሲሳቅበት የማያፍር ተማሪ፣ የሚያውቀውንም ያለ ንቀት የሚሰጥ አስተማሪ።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ በዚያው በቦረና ምድር አለ። በገዳ ሥርዓት ጉሚ ጋዮ የሚባለው ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ይደረጋል፤ ከወሰኑ በሁለቱም ወገን ያሉ ቦረኖች ይሰበሰቡበታል። በምርቃት ይከፈታል፤ የነበሩት ሕጎች ይመረመራሉ፤ የከረሙ ጠቦች ይታያሉ፤ አዲስ ሕግም ይወጣል። መሪዎቹም ሳይቀሩ ስለ ሥራቸው ይጠየቃሉ። በዚህ ጉባኤ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቈጠርም፤ ሕጉ የሚጸናበት መንገድ ነው እንጂ። የመካነ ሥላሴው ካህን ያደጉበት የአንድም ትርጓሜና በጋዮ የሚደረገው የሽማግሎች ምክር በቋንቋና በእምነት የተራራቁ ናቸው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ እርሱም የተለየ አሳብ ያለው ሰው እስኪፈጽም ድረስ ይሰማ የሚለው ነው።

ከሊቃውንት ሁሉ መጽሐፍ የጻፉት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት ቃላቸው በደቀ መዛሙርት አድሮ የቀረ ነው። አባ ጎርጎርዮስም ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ባሕር ሥጋቸውን ቢወስደውም ያስተማሩት አልጠፋም፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ታትሞ በሰው እጅ ገብቶአል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ መምህር ሆይ ይህ ነገር አልገባኝም፤ ደግሞም እንዲህ አይመስለኝም ባለ ጊዜ፣ መምህሩ ሊቈጣ አይገባውም። ልጁ የሚጠይቀው መምህሩን ሊንቅ አይደለም፤ የመምህሩን ቃል ተቀብሎ ወደ ሩቅ ሊያደርስ የሚችለው ተማሪ ምናልባት እርሱ ነውና።